«በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብዬ የጻፍኩት በሽታ

የጀመረኝ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው። ሕመም አልነበረውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ቁርጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ራስ ምታት የለም። ውሃ ከአንድ እንስራ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ብቻ ሆዴ ውስጥ ይሰማ ነበር። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ሰምታ ቀና አለችና «ቁርስ አልበላህም እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ተነሥቼ ወደ ሽንት ቤት ሄድኩ።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጀመሪያው ተራ ተቅማጥ ነበር። ሦስተኛው ግን ቀለም አልነበረውም። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ሽታውም የሰገራ ሽታ አይደለም። ቆሜ አየሁት። ምን እንደሆነም አወቅሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የጤና ባለሙያ ለመሥሪያ ቤታችን በላከው ሪፖርት ውስጥ «የሩዝ እጣቢ የመሰለ» የሚል ሐረግ ነበር። ለዜና አይሆንም ብዬ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ የሕዝብ ግንኙነት ነበር። ኑሮዬ ደብረ ታቦር፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ በደቡብ ጎንደር ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ የመንግሥት ቢሮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዜና ጽፌያለሁ። ችግኝ ሲተከል፣ መንገድ ሲመረቅ፣ ስብሰባ ሲካሄድ እጽፋለሁ፤ ሬዲዮኖቹም የላክሁላቸውን እንዳለ ያነቡታል፤ ያጣመምኩትን ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳያቃኑ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ይህን ማን ነገረህ? ያየ ሰው አለ ወይ?» ብሎ የደወለልኝ ጋዜጠኛ ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም ብዙ አልቆዩም፤ ሌላ ሥራ ላይ ተመደቡ ሲባል ሰማሁ።

ያ ሪፖርት የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከከተማው አይነሣም። አንድ ወንዝ ዳር ያለ ቀበሌ ውስጥ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት በሰዓታት ውስጥ እየወደቁ እንደሆነ፣ የሞቱም እንዳሉ፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እንደተላከ ይገልጻል። ባለሙያው በግርጌው «ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ለሕዝቡ በአስቸኳይ ይነገር» ብሎ ጽፏል። ኃላፊዬ ጠራኝ።

«ያ ቃል ከዚህ ቢሮ አይወጣም» አለኝ። «ላቦራቶሪው አስቀድሞ ይናገር።»

«ላቦራቶሪው እስኪናገር እኛ ምን እንበል?»

«የክረምት ተቅማጥ በል። ካስፈለገም አተት በል። በቁጥጥር ሥር ውሏል በል።»

«ውሏል ወይ?»

«ይውላል» አለኝ።

አልተቆጣም፤ አላስፈራራኝም። ክፉ ሰው አይደለም። ከእሱ በላይ ያለው ሰው ደውሎለት ነበር፤ ለዚያኛውም ሌላ ሰው ሳይደውልለት አልቀረም። የደብረ ታቦር በዓል ሊደርስ ነው፤ እንግዳ ይመጣል፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ሕዝብ ይደናገጣል። ምክንያቱ ብዙ ነበር። አንዱም ስለ ውሃ አልነበረም።

አተት ማለት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው። የበሽታው ስም ሳይሆን በሽታው የሚያደርገው ነገር ነው። ነብር በረት ገብቶ እያለ «አራት እግር ያለው ነገር ገብቷል» ብሎ እንደመናገር ነው። ውሸት አይደለም። ሰው ግን በሩን አይዘጋም።

እኔም ጻፍኩ። «በአንዳንድ ቀበሌዎች የታየው የክረምት ተቅማጥ በባለሙያዎች ርብርብ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ኅብረተሰቡ ሳይደናገጥ የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲቀጥል ጥሪ ቀርቧል።» ዛሬ ሳነበው የሚገርመኝ ውስጡ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ዋለ፣ ቀረበ፣ ተገለጸ፣ ተጠቆመ። ማን አዋለው? ማን ጠራ? ነገሩ ሲከፋ የሚጠየቅ ሰው እንዳይኖር አድራጊውን መደበቅ ሥራዬ ነበር፤ ጎበዝም ነበርኩ።

ዜናው በተነገረ በሦስተኛው ቀን እትዬ ላቀች ደወሉልኝ። እትዬ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ስለሆነ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከከተማ ወጥቶ በጋፋት በኩል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። አማታቸው ሞተው የአርባ ቀን ተዝካር ሊያወጡ ደግሰዋል።

«ዘውዱ» አሉኝ፣ «ታች ወንዝ ዳር ሰው በተቅማጥ አለቀ ይላሉ። ጠላው ተጠንስሷል፤ ሰው ተጠርቷል። ድግሱን ላቆየው ወይስ ላድርገው?»

«እትዬ፣ ሬዲዮ አልሰሙም እንዴ? በቁጥጥር ሥር ውሏል።»

«እሱንማ ሰማሁ። የጠየቅሁት አንተን ነው።»

 ሪፖርቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። «ምንም የለም፣ ያድርጉት» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እሳቸውን ለመዋሸት አስቤ አልነበረም። አንድን ነገር ደጋግሞ የጻፈ ሰው እያደር ራሱም ያምነዋል። በዚያ ላይ ለእህቴ «አይደግሱ» ብዬ ለሕዝቡ «ሥራችሁን ቀጥሉ» ማለት ሁለት ሰው መሆን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ መሆን ቀለለኝ። የመረጥኩት ግን የትኛውን እንደሆነ እያችሁት።

ቅዳሜ ተዝካሩ ላይ ተገኘሁ። ዝናብ ይጥል ስለነበር ዳሱ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ጠላው የተጠመቀው ከመንደሩ ምንጭ በተቀዳ ውሃ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ሰሞኑን ጎርፍ እየገባበት ደፍርሶ ነበር። ጠላ የሚያሳልፉት የእትዬ ጎረቤት አያ ደስታ ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ጨዋታ የሚያውቁ፣ በሬ ጠምደው ሲያርሱ የሚያንጎራጉሩ ሰው። «የመንግሥት ሰው ይጠጣ፤ እሱ ከጠጣ እኛም አንፈራም» እያሉ ሦስት ጊዜ ቀዱልኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄ ጠጣሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ።

አምስት ሰዓት ላይ ትውከቱ ተጨመረ። ማቅለሽለሽ ሳይቀድመው ነው የመጣው። ውሃ ብቻ ነው። ከሽንት ቤቱ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ ለባለቤቴ ለእመቤት ደወለች። እመቤት መምህርት ናት፤ ክረምት ስለሆነ ቤት ነበረች። በባጃጅ መጣች። ባለ ባጃጁ አየኝና ወርዶ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፈ። አልተቀየምኩትም። ትክክል ነበር።

ጤና ጣቢያ ደረስን። በዋናው በር አላስገቡንም። ዘበኛው በጓሮ በኩል ጠቆመን። በጓሮ ድንኳኖች ነበሩ። እኔ በጻፍኩት ዜና ውስጥ ድንኳን የለም።

ጫማችን ላይ ክሎሪን ረጩ። ባቴ ተቋጠረ። ከዚያ ጭኔ። ከዚያ የእጄ ጣቶች። መጮህ ፈለግሁ፤ ድምፄ የለም። ጣቶቼን አየኋቸው፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ የዋሉ ይመስል ተጨማደዋል። መሃሉ የተቀደደ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ከሥሩ ባልዲ አለ። ዐርባ ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ቆማለች። ማፈር እንኳ አልቻልኩም።

ዶክተሯ ወጣት ናት። የእጄን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው። እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ሽንት መቼ ሸኑ?»

አላስታወስኩም።

«ዐይንዎን ይግለጡ። አይተኙብኝ።»

ነርሷ ደም ሥር ፈለገች። ግራ እጄ ላይ አጣች። ቀኝ እጄ ላይ አጣች። እግሬ ላይ ሞከረች። የሚይዘው ደም ሥር ጠፋ። «የልብ ምቱ እጁ ላይ አይገኝም» ስትል ሰማኋት። ስለ እኔ እንደሆነ ገባኝ። አልፈራሁም። ይህ ነው የሚያስፈራው። ምንም አልመሰለኝም።

በአምስተኛው ሙከራ አንገቴ አጠገብ ገባላት።

ሕዝቡ በደም ሥር የሚሰጠውን ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል። የተሰጠኝ ሪንገር ላክቴት ነው፤ ጨዉና ማዕድኑ የተመጠነ ፈሳሽ። ነርሷ ከረጢቱን በሁለት እጇ እየጨመቀች አስገባችው። አንዱ አለቀ። ሁለተኛው ተንጠለጠለ። ሦስተኛው ላይ የእመቤት ፊት ታየኝ። ከዚያ በፊት እዚያው ቆማ ነበር፤ አላየኋትም።

የምሳ ሰዓት ዜና የመጣው ያን ጊዜ ነው። የድንኳኑን ወለል በክሎሪን የምታጥበው ሴትዮ የስልኳን ሬዲዮ ከፍታ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች። የዜና አንባቢው ድምፅ ያምራል። «በባለሙያዎች ርብርብ በቁጥጥር ሥር ውሏል» አለ። የራሴ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአዲስ ቀን እንደገና ይነበባል። ነርሷ ከከረጢቱ ቀና ሳትል «ይህን የሚጽፈው ሰው አንድ ቀን እዚህ ቢውል» አለች። እመቤት አየችኝ። እኔ ድምፅ አልነበረኝም። ቢኖረኝም ዝም እል ነበር።

ወደ ማታ ዶክተሯ ካርዴን ይዛ መጣች። «እዚህ ላይ አተት ብዬ ነው የምጽፈው፤ የታዘዝነው እንደዚያ ነው» አለችኝ። «እርስዎ ግን ኮሌራ መሆኑን ይወቁ። ከማን ጋር እንደበሉና እንደጠጡ አሁኑኑ ይንገሩኝ።» በሹክሹክታ ነገርኳት። ተዝካሩን፣ መንደሩን፣ ምንጩን። እመቤት ለእትዬ ደወለች። ስልኩ አይነሣም።

ረቡዕ ማለዳ እትዬን በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። መሃል ላይ አንሶላ ጋርደው ከእኔ ቀጥሎ አስተኟቸው። ከሰኞ ጀምሮ ሲያስቀምጣቸው ለሰው አልነገሩም ነበር፤ የድግስ ቤት ሴት ታመመች ቢባል ምግቡን ሊያሙት ነው ብለው። ሰውነታቸው ደርቆ የሕፃን ያህል ቀለው ነበር። ፈሳሹ ገብቶላቸው ዐይናቸውን የገለጡት ወደ ቀትር ገደማ ነው። በአንሶላው ጠርዝ ተያየን።

«አያ ደስታም ተነሥተው ነበር» አሉኝ። «ሁለት ቃሬዛ ነው ከመንደር የተነሣው። የእሳቸው ጋፋት ሳይደርስ ተመለሰ።»

ዐይኔን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ መለስኩ።

«ጠይቄህ ነበር» አሉኝ።

 እስከ ዛሬም በዚህ ጉዳይ ከዚያ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

አያ ደስታ እንዴት እንደሞቱ በኋላ ከተሸካሚዎቹ ሰማሁ። ሲጀምራቸው ምች መሰላቸው። ውሃ ሲጠይቁ ዘመድ ከለከላቸው፤ ውሃ ተቅማጡን ያባብሰዋል ብሎ። ከሰኞ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ ማታ ደረቁ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ይህ ኮሌራ ነው፣ የሚገድለው የውሃ ማጣት ነው፣ አጠጧቸው ቢላቸው ኖሮ ዛሬ ያርሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ማለት የሚችል ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

ሐሙስ ዕለት እኔ ተቀምጬ ኦአርኤስ የሚሉትን የጨውና የስኳር ብጥብጥ የምጠጣበት፣ ሽንቴም የተመለሰበት ቀን ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት ውጬ ነበር፤ ዶክተሯ ግን «ያዳነዎት ክኒኑ አይደለም፣ ውሃው ነው» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ኃላፊዬ ከአንድ የካሜራ ባለሙያ ጋር መጣ። ከጤና ኃላፊዎችም ሁለት ነበሩ። ካሜራው ድንኳኑን ከውጭ አነሣ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ዝቅ ብሎ የተደረደሩትን መድኃኒቶች ብቻ ቀረጸ። ባልዲዎቹን የሚያሳይ ማዕዘን ሲገጥመው ዞር ይላል። ያንን አያያዝ ያስተማርነው እኛ ነን። ከዚያም ማይክሮፎኑን ወደ እኔ አመጡት። የዳነ ታካሚ ምስክርነት እንዲሰጥ ነው።

«ስለተደረገልህ አገልግሎት ተናገር» አለኝ ኃላፊዬ፣ በለሆሳስ።

«ሐኪሞቹ ከሞት መልሰውኛል» አልኩ። «የያዘኝ ኮሌራ ነው። በቁጥጥር ሥር አልዋለም። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።»

ካሜራው ለጥቂት ጊዜ እንደተከፈተ ቆየ። ማንም አልተቆጣኝም። በማግስቱ በተላለፈው ዜና ውስጥ «ሐኪሞቹ ከሞት መልሰውኛል» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ድምፄ ነው፤ ፊቴ ነው። የተቆረጠበት ቦታ እንኳ አይታወቅም።

ቅዳሜ ወጣሁ። ቤት ስገባ አቅሜ ተሟጦ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የማርፍ ሰው ሆኜ ነበር፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የአጃ ሾርባ ቀምሼ ሳይወጣ ሲቀር፣ እመቤትም እጇን በሳሙና ታጥባ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ፣ ሰውነት እንደ ዘንድሮ ቡቃያ ከሥር ጀምሮ ቀስ እያለ እንደሚመለስ ገባኝ። ጣቶቼ ሞሉ። ድምፄ መጀመሪያ ሻካራ፣ ቀጥሎ የራሴ ሆነ። ኃላፊዬ ሊጠይቀኝ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ያ ንግግሬ እንዳስገመገመውና ከሥራዬ ልነሣ እንደምችል ነገረኝ። ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ያን የጠጣኸውን ፈሳሽ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚያዘጋጁት?» አለኝ። «እናቴ ይፋግ ገጠር ነው ያሉት። እዚያም ጀምሯል ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

አየሁት። ያ ሁሉ ሥልጣን ያለው ሰው ለእናቱ የሚነግረው ነገር አልነበረውም። እኛ በጻፍነው ዜና ውስጥ ለእናት የሚነገር ምንም የለም።

አዘገጃጀቱን ነገርኩት፤ ጻፈው። «ስሙንም ይንገሯቸው» አልኩት። «ካልፈሩ ውሃውን አያፈሉም።»

ውሸታችን ምን እንደወለደ ያየሁት ቆሜ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በእትዬ መንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምንጩ ላይ ክሎሪን ልትጨምር ስትመጣ በድንጋይ አባረዋታል። ክሎሪኑ ሴት ያመክናል ይላሉ። ድንኳን የገባ አይወጣም ይላሉ። አንድ ፊቱን የማያሳይ ሰው በስልክ በሚለቀቅ ቪዲዮ ምንጮቹ ሆነ ተብሎ ተመርዘዋል ብሎ አውርቷል፤ ያንን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። ያ ሰው ምንም ማስረጃ የለውም፤ ከእኛ የሚለየው ግን «አደጋ አለ» በማለቱ ነው፤ ሕዝቡም አደጋውን በዓይኑ እያየው ነበር። እኛ እውነቱን ቆርጠን ባዶ ቦታ ተውን። ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። መንግሥት ዋሽቶናል ያለ ሰው ነርሷንም አያምን፣ የፈላውን ውሃም አያምን።

ስለዚህ እሑድ ወደ መንደሩ ሄድኩ። እትዬ ከድንኳን ወጥተው ቤታቸው ነበሩ። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ቅጥሩ ውስጥ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ሆኜ ተናግሬያለሁ፤ ያን ዕለት ግን ወረቀት አልያዝኩም።

«በሬዲዮ የሰማችሁትን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ስጽፈው ናሙና መላኩን፣ ሰው መሞቱንም አውቃለሁ። እትዬ ላቀች ድግሱን ላቆየው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ያድርጉት አልኩ። ጠላውን አብሬያችሁ ጠጣሁ። የያዘኝ ኮሌራ ነው። አያ ደስታንም የገደላቸው እሱ ነው። ውሃውን አፍሉ። ክሎሪኑ ይግባ። የታመመ ሰው እንደጀመረው አጠጡት፣ ወዲያው አምጡት።»

 የመንደሩ መሪጌታ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ዋሽተሃል። ዛሬ እንደማትዋሽ በምን እናውቃለን?»

 «አታውቁም» አልኳቸው። «እኔን አትመኑ። ዐይናችሁን እመኑ። ድንኳን ገብተው የወጡትን እትዬ ላቀችን ታያላችሁ። ቤት ውስጥ ቆይተው የሞቱትን ሰሞኑን ቀብራችኋል። አንድ ሳምንት አፍልታችሁ ጠጡና ፍረዱ። ከዋሸሁ የሚጎድልባችሁ እንጨት ብቻ ነው።»

ከሴቶቹ በኩል የአያ ደስታ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ተነሡ። ጥቁር ለብሰዋል። ሰው ሁሉ ዞረላቸው።

«ውሃውን አፈላለሁ» አሉ። «ምንጩም ይታከም። አንተ ግን ቤቴ እንዳትመጣ።»

ተቀመጡ።  ሠራተኛዋ ማክሰኞ ዕለት ስትመጣ ግን ምንጩ ድረስ ይዘዋት የሄዱት ወይዘሮ የሻረግ ናቸው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ሁለት ሰው ታመመ። ሁለቱም ገና እንደጀመራቸው እየጠጡ መጡ፣ ሁለቱም በእግራቸው ተመለሱ። እኔም የወይዘሮ የሻረግን ቃል አክብሬ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ይቅርታ ይገባኛል ብዬም አልጠብቅም።

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ኃላፊዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የምናውቀው ነበር። ሬዲዮው ያን ቃል አንድም ቀን አልተናገረም፤ ክረምቱ ሲወጣ «አተት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» የሚል ዜና ሰማሁ፤ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እኔን መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። አቧራ ይበዛል እንጂ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ ታማሚ ይዞ ለሚያነብ ሰው ነው። ሕመም የሌለው፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ሲጀምር ሰዓት መቁጠር ጀምሩ። የቀን ጉዳይ አይደለም፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ውሃ አትከልክሉ። ኦአርኤስ ካለ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ልኩን ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው ጨምሩ፤ ጨዉን አታብዙ። ቢያስመልሰውም ጥቂት ቆይታችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። እየጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ መንገድ ላይም አታቋርጡ። የነካችሁበትን እጅ በሳሙና ታጠቡ። ሰው ከሞተም አስከሬኑን ለማጠብ ባለሙያ ጠይቁ፣ ለቀብሩም ድግስ አትደግሱ፤ ሐዘኑ ያለ ጠላም ይወጣል።

ዜና ስትሰሙም እንደ እኔ ያለ ሰው እንደጻፈው አስቡ። «ዋለ» ሲል ማን አዋለው በሉ። «አትደናገጡ» ሲል ታዲያ ምን እናድርግ በሉ፤ የምታደርጉትን የማይነግራችሁ ዜና ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ሐኪሙን ካርዱ ላይ የጻፈውን ብቻ ሳይሆን እሱ ራሱ የሚያስበውን ጠይቁት። ግን አለማመን መድኃኒት አይሆንም። መንግሥትን ጠርጥራችሁ ነርሷን አታባርሩ። እኔ ዋሽቼ ሳለ እሷ እውነቷን ደም ሥሬን ትፈልግ ነበር።

ያቺን ነርስ አመሰግናለሁ፤ አራት ጊዜ አጥታ አምስተኛውን ስለሞከረች። ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ ካርድ ላይ መጻፍ ያልተፈቀደላትን በጆሮዬ ስለነገረችኝ። እመቤትን አመሰግናለሁ፤ ከባልዲው አጠገብ ስላልራቀች። እትዬ ላቀችን ማመስገን አልችልም፤ በሕይወት መኖራቸው ይበቃኛል። ያን ሪፖርት ጽፎ በግርጌው የለመነውን የጤና ባለሙያም በስም አላውቀውም፤ ባገኘው እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

የዳናችሁ ሰዎች ሆይ፣ አትደብቁ። ይህ በሽታ የሚሸሸገው ባለሥልጣን ስለሚፈራው ብቻ አይደለም፤ እኛም ስለምናፍርበት ነው። የቆሸሸ ቤት ይመስለናል፣ ድግሳችን የሚታማ ይመስለናል። ጎረቤታችሁ ሲጠይቃችሁ ምች ነበር አትበሉ። «ኮሌራ ይዞኝ ነበር፤ ቶሎ ጠጥቼ፣ ቶሎ ሄጄ ዳንኩ» በሉት። ማንም ሳይፈቅድላችሁ ልትናገሩት የምትችሉት እውነት እሱ ነው።